ከሕግ ወደ ሕግ፤ አዶልፎ ሱዋሬስና የስፔን መሐላ

በኖቬምበር 22 ቀን 1975፥ ጄኔራል ፍራንሲስኮ ፍራንኮ በሞተ በሁለተኛው ቀን፥ የሠላሳ ሰባት ዓመቱ ልዑል ኹዋን ካርሎስ በማድሪድ፥ ኮርቴስ በሚባለው ምክር ቤት አዳራሽ ቆሞ፥ እጁን በቅዱስ ወንጌል ላይ አኑሮ፥ የመንግሥቱን መሠረታዊ ሕግጋት ሊፈጽምና ሊያስፈጽም፥ የፍራንኮ ብቸኛ ፓርቲ ለነበረው ለብሔራዊው ንቅናቄ መርሖዎችም ታማኝ ሊሆን በእግዚአብሔር ስም ማለ። (በዚህ ምዕራፍ ቀኑም ዓመቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ይህን የመሰለ መሐላ ሲምል የመጀመሪያው አልነበረም፤ ከስድስት ዓመት በፊት፥ በጁላይ 1969፥ ፍራንኮ ወራሹ አድርጎ በሰየመው ጊዜ በዚያው ጉባኤ ፊት ምሎ ነበር። እነዚያ መርሖዎች ደግሞ በ1958 በወጣው ዐዋጅ በባሕርያቸው ዘላለማውያንና የማይለወጡ ናቸው ተብሎ ተደንግጎላቸው ስለ ነበር፥ ሽማግሌው ጄኔራል በ1969 የልደት በዓል ንግግሩ ሁሉ ነገር ታስሯል፥ አጥብቆም ታስሯል ብሎ ለሕዝቡ ሲያረጋግጥ ባዶ ቃል መናገሩ አልነበረም።

እንግዲህ አንድ መንግሥት ከንጉሡ እስከ ወታደሩ፥ ከሚኒስትሩ እስከ ትንሹ ከተማ ሹም ድረስ በአንድ መሐላ ታስሮ ሲገኝ፥ መሐላውን ሳያፈርስ የሚፈታበት መንገድ አለን? ስለ መንግሥታት መለዋወጥ የሚጽፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ ስለ አደባባይ ሰልፍ፥ ስለ ሥራ ማቆም አድማና ስለ ጄኔራሎች ምክር ያትታሉ፤ ስፔንም ከዚህ ሁሉ የጎደለባት አልነበረም፥ ሠራተኛውና ተማሪው በየከተማው ባይነሣ ኖሮ በቤተ መንግሥት ያሉት ሰዎች ስለ ለውጥ ማሰብ የሚጀምሩበት ምክንያት ባልኖረ ነበር። ይሁን እንጂ የስፔንን ነገር ከሌላው ለይቶ የሚያስደንቀኝ፥ አሮጌው ሥርዓት የገዛ ማኅተሙን በገዛ ሞቱ ጽሕፈት ላይ እንዲያትም መደረጉ፥ ይህንንም ያደረጉት ሰዎች ከዚያው ቤት ያደጉ ባለሟሎች መሆናቸው ነው።

መንገዱን አስቀድሞ ያየው ሰው ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በዚያ መንገድ የሄደው አዶልፎ ሱዋሬስ አልነበረም። ቶርኳቶ ፈርናንዴስ-ሚራንዳ የሚባል፥ በኦቪዬዶ ዩኒቨርሲቲ የሕገ መንግሥት መምህር የነበረ፥ ለልዑሉም የፖለቲካ ሕግ ያስተማረ፥ ንግግሩ ቁጥብ፥ ፊቱ የማይነበብ ሊቅ ነበረ። ልዑሉ በ1969 ለመማል በተዘጋጀ ጊዜ፥ ይህን ምዬ ኋላ ሌላ ባደርግ በሐሰት የማለ ሰው እሆናለሁ ብሎ በጨነቀው ሰዓት፥ መምህሩ የሰጠው መልስ ይህ ነበር፤ የምትምለው ለሕግጋቱ በሙሉ ነው፤ ከሕግጋቱም አንዱ ሕግጋቱ ራሳቸው በኮርቴስ ድምፅና በሕዝበ ውሳኔ ሊሻሻሉ እንደሚችሉ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ በዚያ በር የሚወጣ ሰው መሐላውን ፈጸመ እንጂ አላፈረሰም። ከዚህም ትምህርት «ከሕግ ወደ ሕግ፥ በሕግ» የምትለው አጭር ቀመር ወጣች። ሰው ይህን የሊቅ ብልጠት ነው ሊለው ይችላል፤ ነው። ነገር ግን ያለዚህ ብልጠት ለፍራንኮ የማሉት መኮንኖች በሙሉ፥ መሐላችሁን ልትክዱ ነው የሚል ድምፅ በሰሙበት ቀን ሰይፋቸውን ለመምዘዝ በቂ ምክንያት ባገኙ ነበር።

በሩን ያየው ሊቅ ግን በበሩ ሰዎችን ለማሳለፍ የሚችል ሰው አልነበረም። ንጉሡ ጠቅላይ ሚኒስትርነትን ወይም የኮርቴስ ፕሬዚዳንትነትን ምረጥ ባለው ጊዜ ሁለተኛውን የመረጠው የራሱን ጠባይ ስለሚያውቅ ይመስለኛል፤ ለማሳለፉ ሥራ ሌላ ዓይነት ፍጡር ያስፈልግ ነበር።

አዶልፎ ሱዋሬስ ጎንዛሌስ በሴፕቴምበር 25 ቀን 1932 በአቪላ አውራጃ ሴብሬሮስ በምትባል የወይን አገር ተወለደ። አባቱ በፍርድ ቤት ነገረ ፈጅ ሆኖ የሚሠራ፥ በልቡ ወደ ሪፐብሊኩ ያዘነበለ፥ ቤቱን ግን በሚገባ ያላስተዳደረ ሰው ሲሆን፥ እናቱ ኤርሚኒያ ልጆቿን በሃይማኖት አጥብቃ ያሳደገች ሴት ነበረች። ልጁ በትምህርቱ የተመሰገነ አልነበረም፤ በሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠና ሲባልም አብዛኛውን በተመላላሽነት ጨርሶ ነው። መልኩ ያማረ፥ ፈገግታው ቅርብ፥ የሰውን ስም የማይረሳ፥ ትከሻ አቅፎ የሚያነጋግር ነበርና፥ የአቪላ አገረ ገዢ የነበረው ፈርናንዶ ኤሬሮ ቴኼዶር በጸሐፊነት አስጠግቶት፥ ከዚያ በኋላ ደጅ መጥናት ምን እንደ ሆነ ከሥሩ ጀምሮ ተማረ። ጠላቶቹ እስከ መጨረሻው ድረስ የማይረሱለት ነገር ይህ ነው፤ መጽሐፍ ያላነበበ፥ ያለ ጽኑ እምነት በየደረጃው የወጣ፥ የብሔራዊውን ንቅናቄ ነጭ ኮት ለብሶ ለፍራንኮ ያሸበሸበ አድርባይ ነው ይሉታል። ይህን ክስ ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም። ከሁሉም በላይ ግን ያ ለዓመታት ደጅ የጠናበት ቤት እያንዳንዱ ክፍሉ፥ እያንዳንዱ ሹም የሚፈራውና የሚመኘው ነገር፥ በሱ ዘንድ የታወቀ ሆነ፤ ጽኑ እምነት ያላቸው ብዙ የተቃዋሚ መሪዎች ደግሞ ያን ቤት ከውጭ ብቻ ነበር የሚያውቁት።

በ1968 የሴጎቪያ አገረ ገዢ ሆኖ ተሾመ። በዓመቱ፥ በጁን 1969፥ በሎስ አንኼሌስ ዴ ሳን ራፋኤል የሚገኝ የግብዣ አዳራሽ ተደርምሶ 58 ሰዎች ባለቁበት ቀን፥ አገረ ገዢው እዚያው ደርሶ እጅጌውን ሰብስቦ ከነፍስ አዳኞች ጋራ ፍርስራሹን ሲምስ ታየ፤ ስሙ በመላው አገር የተሰማው ያን ጊዜ ነው። በሴጎቪያም ሳለ ከልዑል ኹዋን ካርሎስ ጋራ ተዋወቀ። ከ1969 እስከ 1973 የመንግሥቱን ራዲዮና ቴሌቪዥን በዋና ዳይሬክተርነት ሲመራ፥ ፍራንኮ ያስቀመጠው አሻንጉሊት ነው ተብሎ ይናቅ የነበረው ልዑል በየቤቱ መስኮት እየታየ በሕዝቡ ዓይን እንዲለመድ አደረገ። ሁለቱ ወጣቶች በዕድሜም በጨዋታም የሚቀራረቡ ነበሩና፥ ከዚህ የተነሣ የተፈጠረው ወዳጅነት ኋላ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ።

ፍራንኮ ከሞተ በኋላ የመጀመሪያው ካቢኔ በካርሎስ አሪያስ ናቫሮ እጅ ስለ ቀረ፥ አገሪቱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳትል ስድስት ወር ያህል ቆመች፤ በማርች 1976 በቪቶሪያ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተሰበሰቡ አድመኞች በፖሊስ ሲባረሩ አምስት ሠራተኞች በጥይት ተገደሉ፥ ሱዋሬስም፥ በዚያ ካቢኔ የንቅናቄው ዋና ጸሐፊ ሚኒስትር ሆኖ ሳለ፥ ደም የማፍሰስን መንገድ እስከ መጨረሻው መከተል ወዴት እንደሚያደርስ በቅርብ አየ። በጁላይ 1 ቀን አሪያስ ሥልጣኑን ለቀቀ። በሕጉ መሠረት የመንግሥቱ መማክርት ጉባኤ ሦስት ስሞች መርጦ ለንጉሡ ማቅረብ ነበረበት፤ የጉባኤው ሰብሳቢ ደግሞ ፈርናንዴስ-ሚራንዳ ነው። ሁለቱ ታላላቅ ስሞች ብዙ ድምፅ አግኝተው ሲገቡ፥ ሦስተኛው፥ ማንም ለምንም ያልጠረጠረው ስም፥ ባነሰ ድምፅ ተከትሏቸው ገባ፤ ሰብሳቢውም ሲወጣ ንጉሡ የጠየቁኝን ይዤላቸው ልሄድ ነው ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። በጁላይ 3 ቀን 1976 የአርባ ሦስት ዓመቱ ሱዋሬስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የተቃዋሚው ወገን አፈረ፥ የቀኙም ወገን አፈረ፤ በኤል ፓይስ ጋዜጣ ላይ አንድ የታወቀ የታሪክ ጸሐፊ ሹመቱን ታላቅ ስሕተት ብሎ የጻፈው ጽሑፍ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። (ያው ጸሐፊ በ1980 የሱዋሬስ የባህል ሚኒስትር ሆኖ ተሾሟል፤ በፖለቲካ ዓለም የሚያስገርም አይደለም።)

በኦገስቱ ሙቀት መካከል ፈርናንዴስ-ሚራንዳ የጥቂት ገጽ ረቂቅ ጽፎ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አስረከበውና ይህ ጽሑፍ አባት የለውም አለው። የፖለቲካ ተሐድሶ ሕግ የተባለው ይህ ነው። አምስት አንቀጽና ጥቂት የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ብቻ የያዘ ሲሆን፥ ፍራንኮ ሰባት መሠረታዊ ሕግ ትቶ ስለ ነበር ይህ ስምንተኛው ሆኖ ከነሱ ጋራ እንዲቆጠር ተደረገ። ዴሞክራሲ የሕግ የበላይነት ነው ብሎ ይጀምርና፥ በቀጥታ፥ በምሥጢርና በእኩልነት ድምፅ የሚመረጡ ሁለት ምክር ቤቶች ይሁኑ ይላል፤ ሕገ መንግሥቱን የማሻሻል ሥልጣን ለነዚያ ምክር ቤቶች ይሰጣል፤ ፍራንኮን አይነካም፥ ንቅናቄውን አያነሣም፥ ምንም ነገር ሻርኩ አይልም። እንዲህ ሆኖ ሳለ የተቀሩትን ሰባቱን ከሥር ነቅሎ የሚጥል ነበረ።

አስቸጋሪው ነገር ሕጉን ማጽደቅ የሚችለው ጉባኤ ያው የፍራንኮ ኮርቴስ መሆኑ ነው። ከ500 የሚበልጡት አባላቱ ከፊሎቹ በቀጥታ የተሾሙ፥ ከፊሎቹ በመንግሥት ሠራተኛ ማኅበራት፥ በከተማ መማክርትና በቤተሰብ አባወራዎች ስም የገቡ ሰዎች ሲሆኑ፥ ሕጉ በጸደቀ ማግሥት መቀመጫቸውን አጥተው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። የራሱን የመሻሪያ ደብዳቤ ፈርሞ የሚሰጥ ሹም ከወዴት ይገኛል? ሱዋሬስና ባልደረቦቹ አባላቱን በስም ዝርዝር ከፋፍለው አንድ በአንድ ያዟቸው፤ ለአንዱ በሚመጣው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ቦታ እንደማያጣ ተነገረው፥ ለሌላው ያለፈ ሥራው እንደማይመረመርበት፥ ለሦስተኛው ንጉሡ ይህን እንደሚፈልጉና ፍራንኮ ደግሞ ንጉሡን ታዘዙ ብሎ እንደ ሞተ፤ የማይመለሱ ጥቂቶችም ድምፅ በሚሰጥበት ሰሞን ወደ ሩቅ አገር የመንግሥት ጉዞ እንዲሄዱ ተደርገዋል ይባላል። ፈርናንዴስ-ሚራንዳ በበኩሉ ረቂቁ በአስቸኳይ ሥርዓት እንዲታይ ስላደረገ ጠላቶቹ በኮሚቴ ውስጥ የሚያጓትቱበት ቀዳዳ ጠፋ። ለምክር ቤቱ ሕጉን ከደገፉት ተናጋሪዎች አንዱም ፋላንኼ የተባለው የስፔን ፋሺስት ፓርቲ መሥራች የሆሴ አንቶኒዮ ፕሪሞ ዴ ሪቬራ የወንድም ልጅ ነበረ፤ ይህን ሰው መርጦ ያስቆመ ሰው የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በኖቬምበር 18 ቀን 1976 ማታ ድምፁ በየስሙ እየተጠራ ተሰጠ፤ 425 ድጋፍ፥ 59 ተቃውሞ፥ 13 ድምፀ ተአቅቦ። ውጤቱ በተነበበ ጊዜ በሚኒስትሮች ወንበር የተቀመጠው ሱዋሬስ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍስ የሚያሳየው ፊልም ዛሬም አለ። በዲሴምበር 15 ቀን ሕዝቡ ተጠይቆ፥ ተቃዋሚዎች ከድምፅ ተቆጠቡ ብለው ቢቀሰቅሱም ከመራጩ 77 ከመቶ የሚሆነው ወጣ፥ ከሰጠውም ድምፅ 94 ከመቶው ይሁን አለ።

የቀረው ከሁሉ የከበደ ነበር። የኮሚኒስት ፓርቲ ያልገባበት ምርጫ በአውሮፓም በስፔን ሠራተኛም ዘንድ ምርጫ ሊባል አይችልም፤ ኮሚኒስቶችን ማስገባት ደግሞ በሠራዊቱ ዘንድ የሦስት ዓመቱን የርስ በርስ ጦርነት እንደ መሸነፍ የሚቆጠር ነበር። ዋና ጸሐፊያቸው ሳንቲያጎ ካሪዮ በ1936 በማድሪድ መከላከያ ጉባኤ የጸጥታ ኀላፊ የነበረ፥ በፓራኩዌዮስ ለተረሸኑት እስረኞች መኮንኖቹ በደም ተጠያቂ የሚያደርጉት ሰው ነው። ሱዋሬስ በሴፕቴምበር 8 ቀን 1976 ከፍተኛ ጄኔራሎቹን ሰብስቦ የተሐድሶውን ዐሳብ ሲያስረዳቸው፥ የኮሚኒስት ፓርቲ ይፈቀዳል ወይ ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፥ ባለው መተዳደሪያ ደንቡ አይፈቀድም ብሎ መለሰላቸው። ጄኔራሎቹ የሰሙት «አይፈቀድም» የሚለውን ብቻ ነው። ፓርቲው ኋላ ደንቡን አሻሽሎ አቀረበ፤ እነሱ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ዋሽቶናል እንዳሉ ኖሩ፥ እኔም ብሆን በነሱ ቦታ ሆኜ ሌላ የምል አይመስለኝም።

በጃንዋሪ 1977 ማድሪድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገሃነምን ቀመሰች። በ24ኛው ቀን ጧት ግራፖ የሚባል ምሥጢራዊ የግራ ቡድን አንድ ሌተና ጄኔራል ጠለፈ፤ የዚያው ዕለት ማታ የቀኝ ጽንፈኞች በአቶቻ መንገድ ወደሚገኝ የሠራተኛ ጠበቆች ቢሮ ገብተው አምስት ሰው ገደሉ። አገሩ ሁሉ ወደ ጦርነት የሚመለስ መስሎ ሳለ፥ በቀብሩ ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ፥ ኮሚኒስቶቹ ራሳቸው ሥርዓት አስከባሪ ሆነው፥ ያለ አንድ ጩኸት ያለ አንድ ድንጋይ አስከሬኖቹን ሸኙ። ሱዋሬስ ከካሪዮ ጋራ ለመነጋገር የቈረጠው ይህን ዝምታ ካየ በኋላ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በፌብሩዋሪ 27 ቀን፥ በማድሪድ ዳርቻ በአንድ ጠበቃ ቤት፥ ከአንድ ዓመት በፊት ሰው ሠራሽ ጸጉር አጥልቆ በሥውር ወደ አገሩ የገባው የኮሚኒስት መሪና የንቅናቄው የቀድሞ ዋና ጸሐፊ ለሰዓታት ሲጋራ እያጨሱ ተነጋገሩ፤ ሁለቱም በየወገናቸው ቢታወቅ የሚጠፉበት ነገር ነበር፥ ስለዚህም ይመስላል እጅግ የተግባቡት። ካሪዮ ንጉሡን፥ የዘውዱን ሰንደቅ ዓላማና የአገሩን አንድነት ሊቀበል፥ ሱዋሬስም ከምርጫው በፊት ፓርቲውን ሊፈቅድ ተስማሙ።

እዚህም ላይ ደግሞ በሩ የሕግ በር ነበር። መንግሥት የፓርቲውን ማመልከቻ ለላዕላይ ፍርድ ቤት ልኮ ፍርድ ቤቱ ይህ የኔ ሥልጣን አይደለም ብሎ ስለ መለሰው፥ የዐቃብያነ ሕግ ጉባኤ ተጠይቆ በደንቡ ውስጥ የሚያስወነጅል ነገር አላገኘንም አለ፤ ይህ መልስ የመጣው በሰሙነ ሕማማት ነው። ሹማምንቱ ለበዓሉ ከማድሪድ ወጥተዋል፥ ጦር ሠፈሮቹ ባዶ ናቸው፥ ጋዜጦች አይታተሙም። በኤፕሪል 9 ቀን 1977፥ በቀዳም ሥዑር ምሽት፥ የብሔራዊው ራዲዮ ዜና አንባቢ ወረቀቱን ይዞ በኮሪደሩ ሮጦ ስለ መጣ ትንፋሹ እየተቈረጠ የኮሚኒስት ፓርቲ ሕጋዊ መሆኑን አስታወቀ። (በዚያ ዓመት የምሥራቁና የምዕራቡ ፋሲካ አንድ ቀን ውለው ነበርና፥ ይህ ዕለት በኛም ዘንድ ቀዳም ሥዑር፥ ሚያዝያ 1 ቀን 1969 ዓ.ም. ነበረ፤ በኛ አገር በዚያ ፀደይ ፓርቲና ፓርቲ በምን ይነጋገር እንደ ነበር ለሚያስታውስ አንባቢ ማነጻጸሩን እተውለታለሁ።) የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ አድሚራል ፒታ ዳ ቬይጋ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የጦሩ ላዕላይ ምክር ቤት ነገሩን እንደ ተጠየፈው፥ ነገር ግን ለአገር ፍቅር ሲል እንደሚቀበለው የሚገልጽ መግለጫ አወጣ። ሳምንት ሳይሞላ የኮሚኒስቶቹ ማዕከላዊ ኮሚቴ ዘመኑን ሁሉ ሲዋጋው የኖረውን ባለ ቀይና ቢጫ ሰንደቅ ዓላማ በስብሰባው አዳራሽ ሰቀለ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በጁን 15 ቀን 1977 የተደረገው ምርጫ ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነጻ ምርጫ ሲሆን፥ ሱዋሬስ በችኰላ የሰበሰበው የመሐል ኅብረት አንደኛ፥ የፌሊፔ ጎንዛሌስ ሶሻሊስቶች ሁለተኛ ወጡ፤ ኮሚኒስቶቹ ብዙ ተፈርቶላቸው ከመቶ ዘጠኝ ያህል ብቻ አገኙ። በኦክቶበር የሞንክሎዋ ስምምነት ተፈረመ፤ የዋጋው ንረት ከመቶ 25 ባለፈበት ዓመት ፓርቲዎቹ ሁሉ ደመወዝን ስለ መገደብና ግብርን ስለ ማሻሻል በአንድ ጠረጴዛ ተስማሙ። ሕገ መንግሥቱ በዲሴምበር 6 ቀን 1978 በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ፤ በባስክ አገር ግን ከመራጩ እኩሌታው እንኳ አልወጣም፥ ይህም ቍስል ሳይሽር ቀረ።

አንዲት ነገር ግን ሳልነግር አላልፍም። የካታሎኒያ መንግሥት በስደት የሚመራው ሽማግሌው ጆሴፕ ታራዴያስ በጁን 1977 ከፈረንሳይ ተጠርቶ ከሱዋሬስ ጋራ ሲገናኝ፥ ንግግሩ በቍጣ ተጀምሮ በቍጣ ተፈጸመ፤ አንዱ ሌላውን አስፈራርቶ ተለያዩ። ታራዴያስ ግን ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ጋዜጠኞች በከበቡት ጊዜ ስብሰባው እጅግ መልካም እንደ ነበር፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ካታሎኒያን በሚገባ እንደ ተረዳ ተናገረ። ሱዋሬስ ይህን በሰማ ጊዜ ከሱ ጋራ የሚተካከል ሰው ማግኘቱን ዐወቀ፤ በኦክቶበር ታራዴያስ በባርሴሎና ሰገነት ላይ ቆሞ ለሕዝቡ መምጣቱን አበሠረ፥ በ1938 የተሻረው የካታሎኒያ መንግሥትም ሕገ መንግሥቱ ሳይጻፍ ተመለሰ። እንዲህ ያለው የሁለት ተንኰለኞች መከባበር ከብዙ የወዳጅነት ውል ይበልጥ ፍሬ አፍርቷል።

በር በመክፈት የተካነ ሰው በተከፈተው ቤት ውስጥ መኖር አልሆነለትም። በ1979 ምርጫ ደግሞ ቢያሸንፍም፥ መንግሥት የየዕለት ሥራ በሆነ ጊዜ ሱዋሬስ ደከመ፤ ምክር ቤት መምጣት ጠላ፥ በሞንክሎዋ ቤተ መንግሥት ተዘግቶ በቡናና በሲጋራ ይውል ጀመር። ኤታ በተባለው የባስክ ታጣቂ ቡድን እጅ በ1980 ብቻ መቶ ያህል ሰው ተገደለ፤ ከሟቾቹ መካከል ወታደሮችና የጸጥታ ዘበኞች ስለ ነበሩ በየቀብሩ መኮንኖች ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይሰድቡ ነበር። የገዛ ፓርቲው መሳፍንት ስለ ፍቺ ሕግ፥ ስለ ሥልጣንና ስለ ወንበር ተከፋፍለው አሴሩበት፤ ፈርናንዴስ-ሚራንዳም አኵርፎ ከራቀው በኋላ በጁን 1980 በሎንዶን ሞተ። በጃንዋሪ 29 ቀን 1981 ሱዋሬስ በቴሌቪዥን ቀርቦ፥ ዴሞክራሲ በስፔን ታሪክ ውስጥ እንደ ገና የአጭር ጊዜ ነገር ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ለተተኪው ለካልቮ ሶቴሎ ድምፅ ሊሰጡ እንደራሴዎች በተሰበሰቡበት፥ በፌብሩዋሪ 23 ቀን ምሽት፥ ሌተና ኮሎኔል አንቶኒዮ ቴኼሮ ሽጉጥ ይዞ ከዘበኞቹ ጋራ ምክር ቤቱን ወረረ። ሽማግሌው ጄኔራል ጉቲዬሬስ ሜያዶ፥ የሱዋሬስ ምክትል፥ ተነሥቶ በባዶ እጁ መሣሪያችሁን አውርዱ ብሎ ሲጋፈጣቸው ዘበኞቹ ወደ ጣሪያው ተኰሱ፥ እንደራሴዎቹም ሁሉ ከወንበራቸው ሥር ወደቁ፤ ሳይወድቁ የቀሩት ጄኔራሉ፥ ካሪዮና ሱዋሬስ ናቸው። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ድፍረት ብዙ ተጽፏል፥ ይገባቸዋልም፤ የዚያን ሌሊት ነገር የቈረጠው ግን ድፍረታቸው ብቻ አልነበረም። በቫሌንሲያ ታንክ ያወጣው ጄኔራል ሚላንስ ዴል ቦሽ፥ ቴኼሮም፥ ጄኔራል አርማዳም ሁሉ በንጉሡ ስም እንሠራለን ይሉ ነበር፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ንጉሡ የጦር ልብሱን ለብሶ በቴሌቪዥን ታይቶ ሕገ መንግሥቱ ይከበር፥ ሠራዊቱም ትእዛዝ ይጠብቅ ባለ ጊዜ፥ ሲያመነቱ የነበሩት አዛዦች ወደ ታዛዥነታቸው ተመለሱ። ከነዚህ አዛዦች ብዙዎቹ ሕገ መንግሥቱን የሚወዱ አልነበሩም። የታዘዙት ፍራንኮ ለወራሼ ታዘዙ ብሎ ስላማላቸው ነው፤ ሽማግሌው አጥብቆ ያሰረው ቋጠሮ አልተፈታም ነበር፥ ያሰረው ነገር ግን ተለውጦ ነበር።

ሱዋሬስ መስፍን ተብሎ ከበረ፥ አዲስ ፓርቲ አቋቋመ፥ በ1982 ምርጫ ሁለት መቀመጫ ብቻ አገኘ፥ በ1991 ከፖለቲካ ወጣ። ሚስቱና የመጀመሪያ ልጁ በካንሰር ሞቱ፤ እሱ በአልዛይመር ሕመም ተይዞ፥ ሌላ ልጁ በ2005 ለሕዝብ እንዳስታወቀው፥ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደ ነበር እንኳ ረሳ። በማርች 23 ቀን 2014 ሲሞት ዘመኑን ሁሉ የነቀፉት ሳይቀሩ አወደሱት፥ የማድሪድ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ተሰየመ፥ በአቪላ ካቴድራል በሚገኘው መቃብሩ ላይም ስምምነት የሚቻል ነገር ነበረ የሚል ቃል ተቀረጸ።

ስለ ሥራው ግን ሁለት ክርክር ተነሥቷል፤ ሁለቱም ከዚያው ከሕግ ብልጠቱ የመነጩ ናቸው። አንደኛው በ1995 ከአንዲት ጋዜጠኛ ጋራ ያደረገው ቃለ መጠይቅ ነው። በመካከሉ ድምፅ ማጉያውን በእጁ ሸፍኖ፥ የውጭ መንግሥታት መሪዎች ዘውድ ወይስ ሪፐብሊክ የሚል ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ይጠይቁት እንደ ነበር፥ ጥናት ተደርጎ ዘውዱ እንደሚሸነፍ ስለ ታየ «ንጉሥ» የሚለውን ቃል በተሐድሶው ሕግ ውስጥ አስገብቶ ሕዝቡ አብሮ እንዲያጸድቀው እንዳደረገ ተናገረ፤ ይህ ክፍል በቴሌቪዥን የታየው በ2016 ነው። የኮርቴስን ሹማምንት በመሐላቸው በር ያሳለፈበት ጥበብ ሕዝቡንም ሳያውቀው ያሳለፈበት ጥበብ ሆኖ ተገኘ። ይህን ስሰማ ለሱዋሬስ ያለኝ አድናቆት ባይጠፋም ቀንሷል፤ ለፍራንኮ የማሉትን ማታለልና ድምፅ የሚሰጠውን ዜጋ ማታለል በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ አይደሉምና።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ሙታን ነው። በኦክቶበር 1977 የወጣው የምሕረት ዐዋጅ በ296 ድምፅ ድጋፍና በ2 ተቃውሞ ሲጸድቅ፥ የፍራንኮን እስረኞች ፈታ፥ የፍራንኮን ሹማምንትም ከፍርድ ሰወረ። አጥብቀው ከተከራከሩለት አንዱ ዓመታት በእስር ቤት የማቀቀው ኮሚኒስቱ ማርሴሊኖ ካማቾ ነበረ፤ ስለዚህ ዐዋጁን ገዳዮች ለራሳቸው ያወጡት ነው ማለት ሐቅ አይሆንም። ነገር ግን ከ100,000 በላይ ይሆናሉ ተብለው የሚገመቱ በጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ የተረሸኑ ሰዎች በየመንገዱ ዳርና በየገደሉ ተቀብረው ቀሩ፤ የልጅ ልጆቻቸው አጥንት መቈፈር ሲጀምሩ ያገኙት ሕግ ያው የምሕረቱ ዐዋጅ ነው፥ ላዕላይ ፍርድ ቤቱም በ2012 በሰጠው ፍርድ ዐዋጁ ምርመራን እንደሚከለክል ገለጸ። በ2007 የወጣው የመታሰቢያ ሕግ መንግሥት መቃብሮቹን ማስቈፈርን እንዲደግፍ አደረገ፥ በ2022 የወጣው ደግሞ ማስቈፈሩን ራሱን የመንግሥት ሥራ አደረገ፤ የፍራንኮም ዐፅም በኦክቶበር 2019 ከታላቁ ሐውልቱ ሥር ወጥቶ በቤተሰቡ መካነ መቃብር ተቀበረ። የ1977ቱ ዐዋጅ እንዲሻሻል የሚጠይቁ እንደራሴዎች በ2018 ጥያቄያቸውን ለምክር ቤቱ አቅርበው፥ ሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች አብረው ድምፅ ስለ ነፈጓቸው ተሸንፈዋል።